ለእታለም፣ ስለማይለወጠው አድራሻ

እታለም እዚህ መሥሪያ ቤት በገባች ቀን የመጀመሪያ ሥራዋ እኔን ማዘዝ ነበር። 1986 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት፣ ቀኑ ማክሰኞ። እኔ ጄኔሬተሩን ስጠግን ቆይቼ በሩ አጠገብ እጄን በአፈር እያሸሁ ነበር። ከወልድያ የመጣ የጭነት መኪና ቆመና አንዲት ሴት ከጋቢናው ወረደች። በአንድ እጇ ጃንጥላ ይዛለች፤ በሌላው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋለች። ሕፃን መስሎኝ ቀረብ አልኩ።

"ይያዙልኝ፤ ቀስ ብለው፣ ይከብዳል" አለችኝ።

ያዝኩት። የጽሕፈት መኪና ነበር። ወገቤ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

"የጽሕፈት ክፍሉ ወዴት ነው?"

"የጽሕፈት ክፍል የለም።"

"ታዲያ የት ልቀመጥ?"

"እኔ ምን አውቄ?"

"የማያውቁ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ይጥሩልኝ። ጥበቃ ሆነው የቢሮውን ሰው አያውቁም?"

ጥበቃ አልነበርኩም። የመሥሪያ ቤቱ ቴክኒሻንና የንብረት ኃላፊ ነበርኩ። ግን ያንን ለመናገር ጊዜ አልሰጠችኝም፤ ጃንጥላውንም አስይዛኝ ገባች። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት "እንደምን አደሩ አባባ፣ ግቢው ሰላም ነበር?" ትለኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። እኔ ከኃላፊው ጎን ተቀምጬ አየችኝ። ይቅርታ የምትጠይቅ መሰላችሁ? ከስብሰባው ስንወጣ "ይህን ያህል ጊዜ ለምን ዝም አሉ? እኔን ለማዋረድ ነው?" ብላ ተቆጣችኝ።

የምትስቁት ልክ ናችሁ። እኔን ግን ያኔም አላሳቀኝም።

የማታውቁኝ እንግዶች አላችሁ፤ ከኮረም የመጣችሁ ዘመዶቿ። ስሜ ይግዛው ነው። ዕድሜዬ ስልሳ ስድስት። እኔም እንደ እሷ ጡረታ ወጥቼ ነበር፤ ጡረታዬ አሥራ አንድ ቀን ቆየ። ጄኔሬተሩ ቆመ፣ ኮምፒዩተሮቹ ቆሙ፣ መጥተው ወሰዱኝ። ከዚያ ወዲህ በኮንትራት ነኝ። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ራሴ ነኝ ያስተማርኩት፤ ስለዚህ ስህተቱንም ከማንም አልተበደርኩትም።

ኃላፊያችን አቶ ደረሰ "አምስት ደቂቃ፣ ደስ የሚል ነገር ብቻ" ብለውኛል። ደስ የሚለውን ሌሎቹ ተናግረውታል። እኔ ከዚህች ሴትዮ ጋር ሦስት ዓመት ተኩል የተጣላሁበትን ጉዳይ ነው የምናገረው። ያለፈው ሰኞ አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ ዝም ብያታለሁ። መልሱን ሳልሰጥ ብትሄድ ብዙ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ዛሬ እመልሳለሁ፤ አቶ ደረሰም ሰዓታቸውን ኪሳቸው ይክተቱ።

እታለም፣ ለዛሬ እንኳ አንቱ ልበልሽ ብዬ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።

ጠባይዋን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መስኮት ትዘጋለች። እኔ እከፍታለሁ፣ እሷ ትዘጋለች። አሥራ አምስት ዓመት። የመሳቢያዋን ቁልፍ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥርና "ቁልፌን ማን ወሰደው?" ብላ ቢሮውን ሁሉ ታስፈትሻለች። ካርቦን ወረቀት አትጥልም። እኔ ከዕቃ ቤት አዲስ አውጥቼ ስሰጣት "አሮጌው ገና ይናገራል" ትላለች፤ ብርሃን ላይ ስትይዘው ወንፊት ነው። አቶ ደረሰ የጻፉትን ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ አርማ መልሳላቸዋለች። አንድ ጊዜ አይደለም። አቶ ደረሰ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው፤ እዩአቸው።

በ1995 ኮምፒዩተር ሲመጣ ጉድ አየን። ይህች ሴትዮ ሠላሳ ዓመት በጽሕፈት መኪና የለመደች ናት። በጽሕፈት መኪና መስመር ሲያልቅ የግራ እጅ ብድግ ብሎ መዘውሩን ወደ ቀኝ ይገፋል። ኮምፒዩተር መዘውር የለውም። እጇ ግን መች ሰምቶ? መስመር ባለቀ ቁጥር የግራ እጇ ይነሣል፣ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ያለውን ብርጭቆ ይገፋል። በመጀመሪያው ወር ሦስት ብርጭቆ ሰበረች። "ብርጭቆውን ራቅ አድርጊው" አልኳት። "እርስዎ ኮምፒዩተሩን ራቅ ያድርጉት" አለችኝ። በመጨረሻ ብርጭቆውን ያራቅሁት እኔ ነኝ። አራተኛው ብርጭቆ የእኔ ስለነበረ ነው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ማእከላችን ሥራው ብዙ ነው ቢባልም ሰው የሚያውቀን በአንድ ነገር ነው። ልጁ ወደ ቤሩት፣ ወደ ጅዳ የሄደችበት ሰው መልእክቱን ይዞ ይመጣል። እታለም ቁጭ ብላ ትሰማዋለች። በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ቢነግራትም በአማርኛ ትጽፈዋለች፤ ያንን ቋንቋ እዚህ መጥታ ነው የተማረችው፤ እኔ ብቻ ነኝ አነጋገሯ የሚያስቀኝ። ከጻፈች በኋላ ታነብለታለች። "እንዲህ አላልኩም" ካላት ትቀድደዋለች፣ እንደገና ትጽፋለች። ከዚያ እኔ ወረቀቱን በስካነር አነሣውና ኢንተርኔት ላይ አወጣዋለሁ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ገጽ።

ወረቀቱን እንደ ፎቶ የምናወጣው በምክንያት ነው። ውጭ ያለው ኮምፒዩተር የእኛን ፊደል አያውቅም፤ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ፎቶ ግን የትም ፎቶ ነው። እታለም የገጹን አድራሻ ከኮምፒዩተሩ አናት ላይ አንብባ በቁራጭ ወረቀት ትገለብጠዋለች። ቤተሰቡ ቁራጯን በሚሄድ ሰው እጅ ይልካል። ልጅቷ ኢንተርኔት ቤት ገብታ አድራሻውን ትመታለች፣ የአባቷን ቃል ታነባለች። ሥራው ይኸው ነው። ያማረ ሥራ ነበር።

ከዚያ እኔ አሳመርኩት።

በ1997 አንድ ውጭ የሚኖር የሰቆጣ ልጅ በማእከሉ ስም አጭር አድራሻ አስመዘገበልን። ገጾቹን ግን በነጻ የሚያስቀምጥልን የሩቅ አገር ድርጅት ነው፤ አድራሻው ረጅም ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ ሰባ ሦስት ምልክት። መጀመሪያው ላይ የዚያ ድርጅት ስም፣ መሐሉ ላይ ቁጥር፣ ቀጥሎ እንደ ትል የተጣመመች ምልክት፣ ከዚያ መስመር፣ ከዚያ ሌላ መስመር። ከዞን የመጡ እንግዶች ኮምፒዩተሩን አይተው "ይህ የእናንተ ነው ወይስ የሌላ ሰው?" ብለው ጠየቁን። ተናደድኩ። ደብዳቤ ስንጽፍ ራስጌው ላይ የሌላ መሥሪያ ቤት ስም እናትማለን እንዴ?

መጽሐፍ ነበረኝ። ፎቶ ኮፒ ነው፤ ኮፒ ያደረገልኝ ሰው ወረቀት አልቆበት ከዘጠነኛው ምዕራፍ በኋላ የለውም። ስምንተኛው ምዕራፍ ስለ ፍሬም ነው። ፍሬም ማለት እንደ መስኮት ክፈፍ ነው፤ ክፈፉ ባለበት ይቆማል፣ በውስጡ የሚታየው ይለዋወጣል። በአጭሩ አድራሻ ላይ አንዲት ገጽ ብቻ አስቀመጥኩ፤ በዚያች ገጽ ላይ አንድ ፍሬም፤ በፍሬሙ ውስጥ ሌላው ሁሉ። ከእንግዲህ ሰው የትኛውንም ገጽ ቢከፍት አናቱ ላይ የሚታየው የክፈፉ አድራሻ ነው፤ የእኛ አጭር አድራሻ። ረጅሙ ተደበቀ። በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አንድ ወር ተኩል ፈጀብኝ። የጨረስኩ ቀን ከገጽ ወደ ገጽ ስሄድ አድራሻው ንቅንቅ አላለም። አቶ ደረሰ እጄን ጨበጡኝ።

እታለም ከኋላዬ ቆማ አየችው። አላጨበጨበችም።

"ጋሼ፣ ይህ አድራሻ ለምን አይለወጥም?"

"እንዳይለወጥ ነው የሠራሁት።"

"ገጹ ተለወጠ እኮ።"

"ገጹ ይለወጥ። አድራሻው አይለወጥም። ቁም ነገሩ እሱ ነው።"

"እኔ ታዲያ ለሰዎቹ የቱን ልጻፍላቸው?"

"አናቱ ላይ ያለውን። አጭር ነው፣ እጅሽም ያርፋል።"

እሷም ያልኳትን ጻፈች። አርባ አንድ ቤተሰብ፣ አርባ አንድ ቁራጭ ወረቀት፣ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት አድራሻ። ግን ሰኞ ሰኞ እየመጣች ትጠይቀኛለች። "ጋሼ፣ የሁሉም ቤት አድራሻ አንድ ከሆነ ሰው ቤቱን በምን ያገኛል?" እመልሳለሁ፤ "መጀመሪያው ገጽ ላይ ዝርዝር አለ፤ ስሙን አይቶ ይጫን።" የሚቀጥለው ሰኞ እንደገና። "ጋሼ፣ ያንን ፍሬም ቢያነሡትስ?" "አላነሣም።" በሚቀጥለው ሰኞ "አሁንም አላነሡትም?" "አላነሣም ብያለሁ።" በሯን እየዘጋች የምትለውን ቢሮው ሁሉ ይሰማል፤ "ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ይደርቃል?" እኔም ግድግዳውን አልፌ "ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ይጨቀጭቃል?" እላለሁ። ወጣቱ ባልደረባችን ትእዛዙ ከመሐል ሆኖ ወደ ሁለታችንም ሳያይ ይሠራል። ትእዛዙ፣ አትሳቅ፤ ወዳንተም እመጣለሁ።

በ1999 ግንቦት ላይ ገብረ ኪዳን የሚባል የሰሃላ ገበሬ መጣ። ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ነው። ስምንት ወር ቀደም ብሎ መጥቶ ነበር፤ ቤሩት ላለች ልጁ ለብርሃን መልእክት አጽፎ ሄዷል። መልእክቱን እኔ ነኝ በስካነር ያነሣሁት፣ ቃሉን አስታውሳለሁ። "የእናትሽ ዐይን እየጠፋ ነው። ሐኪሙ አይመለስም ብሏል። ሳይጠፋ ፊትሽን ልይ ትላለች፤ መምጣት ካልቻልሽ ፎቶ ተነሥተሽ ላኪ።" ሌላ ምንም አልጠየቀም።

ገብረ ኪዳን በሩ ላይ ቆመ። እንዲቀመጥ ወንበር ሰጠሁት፣ አልተቀመጠም።

"ልጄ ወረቀቱ ደርሷት ነበር" አለ። "እንደተጻፈው መታችው። ቤታችሁን አየችው። ጥሩ ቤት ነው አለች፤ አንድ ሰውዬ ደጁ ላይ ቆሟል አለች።"

ሰውየው አቶ ደረሰ ናቸው፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ፎቶ።

"የእኔን ቃል ግን አላየችም። ከፎቶው በታች ሳጥን ሳጥን ነው ያለው አለች። አንድ ቀን አይደለም፤ አሠሪዋ በፈቀደችላት ቁጥር አራት ቀን ሄዳለች። ያው ቤት፣ ያው ሰውዬ።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ዝርዝሩ የተጻፈው በእኛ ፊደል ነው። ቤሩት ላይ ባዶ ሳጥን ሆኗል። ፎቶ የሆነው መልእክት ከሳጥኖቹ ጀርባ ተቀምጧል፤ በቀጥታ የሚያደርሰው የራሱ አድራሻ ደግሞ እኔ የደበቅሁት አድራሻ ነው።

"ታዲያ ፎቶው?" አልኩት።

"በኋላ የአገር ሰው አግኝታ ሰማች፣ ላከች። የዛሬ ሁለት ሳምንት ደረሰ።" ያልተቀመጠበትን ወንበር አየ። "እናቷ በጣቷ ዳሰሰችው። ወረቀቱ ለስላሳ ነው አለች።"

እኔ መናገር አልቻልኩም። እውነቱን ልናገር፤ መናገር ችዬ ቢሆን ኖሮ ስለ ፊደል፣ ስለ ቤሩት ኮምፒዩተር ነበር የማወራው። ስለ ሌላው ሁሉ እንጂ ስለ ፍሬሙ አልነበረም። እታለም ከወንበሯ ተነሣች። ገብረ ኪዳንን እጁን ያዘችና በኽምጣና "ስህተቱ የእኛ ነው፤ ልጅህም አንተም አላጠፋችሁም" አለችው።

የእኛ አለች። ሁለት ዓመት ሊሞላ ሰኞ ሰኞ ስትነግረኝ የነበረች ሴት የእኛ አለች። ጣቷን ወደ እኔ ብትቀስር ማን ይፈርድባት ነበር? አቶ ደረሰ በኋላ "ምን ሆኖ ነው?" ብለው ሲጠይቁም "አድራሻ ስንጽፍ ተሳሳትን" አለች። ተሳሳትን። አቶ ደረሰ እውነቱን ዛሬ ነው የሚሰሙት። ስህተቱ የማን እንደነበረ አሁን ይመዝግቡ፤ የእኔ ነው። እሷ የጻፈችው እኔ ጻፊ ያልኳትን ነው።

ያን ቀን ፍሬሙን ያነሣሁ ይመስላችኋል። አላነሣሁም። ዝርዝሩን በፎቶ አድርጌ እተካዋለሁ ብዬ ጀመርኩ፤ ያ ደግሞ በእኛ የስልክ መስመር ለመከፈት ሩብ ሰዓት ፈጀ፣ ተውኩት። ፍሬሙን ግን እንደ ያዝኩ ቀረሁ። ለምን? አንድ ወር ተኩል ስለ ፈጀብኝ። አቶ ደረሰ እጄን ስለ ጨበጡኝ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ነበር፣ የለም።

እታለም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰኞ ሰኞ መምጣቷን አቆመች። ሰለቻት ብዬ ደስ አለኝ። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ እሷ ምሳ ስትወጣ መስኮቱን ልከፍት ገባሁ። ጠረጴዛዋ ላይ ካርቦን ወረቀት አለ፤ ያው ወንፊቱ። ወደ ብርሃን አነሣሁት። ያቺ እንደ ትል የተጣመመች ምልክት። መስመር። ሌላ መስመር። ቁጥር። አርባ ጊዜ ተደራርቦ ተጽፎበታል፤ እኔ የደበቅሁት ሰባ ሦስት ምልክት።

ስትመለስ እዚያው ቆሜ ጠበቅኋት።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ካርቦን።"

"ካርቦን መሆኑን አውቃለሁ። ከየት አመጣሽው?"

"ከራስዎ ኮምፒዩተር። ገጹ ላይ ሆኜ የማውሱን የቀኝ በኩል ስጫን በሌላ መስኮት ልክፈትልሽ ይላል። እሺ ስለው ያለ ፍሬሙ ይከፈታል። አናቱ ላይ ረጅሙ ይታያል። እሱን እገለብጣለሁ።"

"ማን አሳየሽ?"

"ማንም። እርስዎ ብቻ ነዎት ራሱን የሚያስተምር?"

"ያንን መደበቂያ የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ።"

"ጋሼ፣ የእርስዎ አድራሻ ያምራል። የእኔ ይደርሳል።"

መስኮቱን ዘግታ ተቀመጠች። አርባ አንዱንም ቤተሰብ አንድ በአንድ እያፈላለገች፣ በገበያ ቀን ማክሰኞ ገበያ ድረስ እየወረደች፣ አሮጌውን ወረቀት እየተቀበለች አዲሱን ሰጥታለች። ሁለት ቅጂ ታወጣለች፤ አንዱ ለቤተሰቡ፣ አንዱ ለመንገደኛው። ካርቦኑ ለዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ለመጡት ሁሉም እንዲሁ። ሰባ ሦስት ምልክት በእስክሪብቶ፣ አንድ ነጥብ ሳትስት። እኔም ነገሩን አልነካሁም፣ ፍሬሙንም አላነሣሁም። እኔ ክፈፌን ይዤ፣ እሷ እስክሪብቶዋን ይዛ አንድ ዓመት ተኩል ሠራን። አለመነጋገር ነው ልትሉት ትችላላችሁ። ሰላም ነበር።

ከዚያ የጡረታዋ ደብዳቤ መጣ።

ትእዛዙ እንዲተካት ተባለ። ትእዛዙ ጎበዝ ነው፤ ፊት ለፊቱ ነው የምለው። ለመለማመድ ባለፈው ወር ሁለት ወረቀት ጻፈ። ሁለቱም ተመለሱ። በአንደኛው አንዲት ነጥብ ጎድላለች፣ በሁለተኛው ትሏ በሰረዝ ተተክታለች። በሁለቱም የሚከፈት ገጽ የለም። ትእዛዙ አያፍርም፤ እኔም ሞክሬ ነበር፣ ማንም ሳያየኝ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ያለፈው ሰኞ እታለም ወደ ክፍሌ መጣች። ሰኞ ከመጣች አንድ ዓመት ተኩል አልፏታል። አልተቀመጠችም።

"ጋሼ፣ የሚቀጥለው ሰኞ እኔ የለሁም። ማን ይጽፋል?"

ዝም አልኩ።

"እሺ" አለችና ወጣች። በሩን እንኳ አላጋጨችም። እሱ ነው የከበደኝ። አሥራ አምስት ዓመት በሩን ስታጋጭ ኖራ ያን ቀን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ከእኔ ምንም እንደማትጠብቅ ገባኝ።

እንግዲህ መልሱ ይኸው።

ማንም አይጽፍም። ረቡዕ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሬ እስከ ምሳ ተቀምጬ ፍሬሙን አነሣሁት። እታለም፣ አትነሺ፣ ተቀመጪ፤ አልጨረስኩም። ከእንግዲህ አጭሩን አድራሻ የሚመታ ሰው ወደ ረጅሙ ይወሰዳል። እያንዳንዱ ገጽ የራሱ አድራሻ አለው፣ አናቱ ላይ ይታያል፤ ትእዛዙ በማውሱ ያነሣዋል፣ ያትመዋል፣ ይቆርጠዋል። እስክሪብቶ አይነካውም። የገጾቹንም ስም በሙሉ በቁጥር ብቻ አሳጥሬዋለሁ። ከሰባ ሦስቱ ሃያ ስድስቱ ተቀንሷል። አርባ ሰባት ነው። አንቺ የጻፍሻቸው አሮጌዎቹ አድራሻዎችም አልሞቱም፤ በየቦታቸው ትቻቸዋለሁ። እጅሽ የጻፈው ሁሉ ይከፈታል። አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ፤ ሐሙስን ሙሉ ፈጀብኝ። አንድም ስህተት አላገኘሁም። ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ያስቀየመኝንም ልናገር። ገጹ አሁን አስቀያሚ ነው። ገጾቹን በነጻ የሚያስቀምጥልን ድርጅት የሚለጥፈው፣ ፍሬሙ ያስቀር የነበረው የጫማ ማስታወቂያ ከገብረ ኪዳን መልእክት በላይ ተሰቅሏል። ከዞን እንግዳ መጥቶ "ይህ የማን ነው?" ቢል የእኛ ነው እለዋለሁ። ጫማውም የእኛ ነው እለዋለሁ። ልጅቷ የአባቷን ቃል ካነበበች ስለ ጫማ ማንም አይጠይቀኝ።

ተጸጽቷል የምትሉ ካላችሁ፣ አዎ። ተለውጧል የምትሉ ካላችሁ ግን ተሳስታችኋል። መስኮቱ ሰኞ ተከፍቶ ይውላል።

እታለም፣ አመሰግንሻለሁ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ከእኔ እንደሰማሽ አላውቅም፤ አንድም ጊዜ አልሰማሽ ይሆናል፣ ምናልባት ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰው ያላየውን ስህተቴን አይተሽ እኔኑ ብቻ ስለ ነገርሽኝ። ስትነግሪኝ አልሰማ ስል ተቀምጠሽ በእጅሽ ስለ ጠገንሽው። ገብረ ኪዳን ፊት ቆሜ አፌ ሲደርቅ የእኛ ብለሽ ከአጠገቤ ስለ ቆምሽ። እኔ አንድ ወር ተኩል የለፋሁበትን ለሦስት ዓመት ተኩል ጠብቄያለሁ። አንቺ የለፋሽበትን ለማንም አልነገርሽም። አሁን ነገርኩልሽ፤ ብትቆጪም ተቆጪ።

በሉ ተነሡ። ብርሌ ያልያዛችሁ ያዙ፤ ጠጁ የዋግ ማር ነው፣ አትቆጥቡት። ትእዛዙ፣ አንተም። አቶ ደረሰ፣ አምስቱ ደቂቃ እንዳለፈ አውቃለሁ።

ለእታለም። ጤናሽ አይጓደል፣ ዐይንሽም እጅሽም እንዳሉ ይቆዩ። ኮረም የገባ ሰው ሁሉ ወግሽን ይስማ፤ የሚመልስልሽ ሰው አይጥፋ፣ የሚከራከርሽም አይጥፋ፤ ያለ እሱ ትታመሚያለሽ። ሰኞ ጠዋት ከጽጽቃ ሁለት እናቶች ቀጠሮ አላቸው፤ ልጆቻቸው ጅዳ ናቸው። አንቺ ቤትሽ ተኚ። ወረቀታቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ይደርሳልም።

ጠጡ።